የዓይን መድኃኒት እየተባለ ስለሚሸጠው እንክብል

በሐረር ከተማ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሸቀጥ እየተለመደ መጥቷል። ይኸውም በትንሽ ብልቃጥ የታሸገ፣ በላዩ የሰው ዓይን የተሣለበትና በባዕድ ቋንቋ የተጻፈበት እንክብል ነው። ከፀጉር ቅባትና ከጥርስ ሳሙና አጠገብ ተደርድሮ ይታያል፤ ሻጩም ገዢውም «የዓይን ቫይታሚን» ይሉታል። ከእነዚህ ብልቃጦች ገሚሱ በደንበኛ ደረሰኝ ከአዲስ አበባ የተጫነ ነው፤ ገሚሱ በቶሮንቶና በዋሽንግተን የሚኖሩ ዘመዶች በሻንጣ የላኩት ነው፤ የቀረው ደግሞ ደረሰኙ ሲጠየቅ ባለሱቁ ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚመለከትበት ነው።

ነጋዴ ሰው የፈለገውን ዕቃ አምጥቶ መሸጡ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። በርበሬ ለሚፈልግ በርበሬ፣ ሳሙና ለሚፈልግ ሳሙና ይሸጥለታል፤ ዕቃው ያልተስማማው ገዢ በማግሥቱ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ይህ ብልቃጥ ግን እንደ ሳሙና የሚታይ አይደለም። ስለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት፣ በየሰፈሩ ከሚደርሰው ዓይነት አንዱን እንደ ምሳሌ ማንሣት ይበቃል።

በጀጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ በጉብዝናቸው ዘመን ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። በመጀመሪያ ጽሑፍ አልለይ አላቸው፤ ቀጥሎም ከመስጊድ ሲመለሱ በመንገድ የሚያገኙትን ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ ማወቅ ተሳናቸው። በውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው ይህን ሰምቶ አንድ ብልቃጥ ላከላቸው። ብልቃጡ ሲያልቅ ባዶውን ይዘው ወደ ሰፈራቸው ባለሱቅ ሄዱና «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ታገኝልኛለህ ወይ?» አሉት። እርሱም «ሐጂ፣ ከዚህ የሚበልጥ አለኝ፤ ሦስት ብልቃጥ ከጨረሱ መነጽርም አያስፈልግዎትም» ብሎ ሰጣቸው። ሽማግሌው ሦስቱን ጨረሱ፤ ሌላም ሦስት ጨመሩ። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንደ ቆየ፣ የቤታቸውን ደረጃ ሲወርዱ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ለክንዳቸው ሲባል ወደ ሐኪም ቤት በተወሰዱ ጊዜ፣ ያያቸው ሐኪም ዓይናቸውን በባትሪ ተመልክቶ በሁለቱም ሞራ መኖሩን ነገራቸው። ሞራው በቀዶ ሕክምና ተነሣላቸው፤ ለአንዱ ዓይን ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ የልጅ ልጃቸውን መልክ አዩ፤ ልጅቷ ዳዴ ብላ መራመድ የጀመረችው እርሳቸው ሳያዩዋት ነበር።

ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰማውን ተናገረ እንጂ ለማታለል አላሰበም። እንክብሉም መርዝ አልነበረም። ሆኖም ሽማግሌው ገንዘባቸውን ከማጣታቸው በላይ የዓመት ከመንፈቅ ብርሃን እንደ ቀረባቸው የሚካድ አይደለም፤ ይህም የሆነው በአንድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ በተነገረ አንድ ቃል ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። «ዓይኔ ደከመ» በሚል በአንድ አነጋገር እጅግ የተለያዩ ሕመሞች ይጠራሉ። አንደኛው ዳፍንት ነው፤ ይህ ከቫይታሚን ኤ ማነስ የሚመጣ፣ ይልቁንም ሕፃናትን የሚይዝና ሲመሽ ማየት የሚከለክል ነው። ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው፤ በዓይን ውስጥ ያለው እንደ መስተዋት የጠራ ሌንስ ከዕድሜ የተነሣ ደፍርሶ ብርሃን አላስገባ የሚልበት ነው። ሦስተኛው ሐኪሞች የማኩላ መድከም የሚሉት ነው። ማኩላ ማለት ከዓይን በስተኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ መጋረጃ መካከል የምትገኝ ቢጫ ነጥብ ናት፤ ሰው የወዳጁን ፊት የሚለየው፣ መጽሐፍ የሚያነበው፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያሾልከው በእርሷ ነው። ይህች ነጥብ በእርጅና ስትጎዳ ዳር ዳሩ እየታየ መካከሉ ይጠፋል። ግላኮማ የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የዓይኑን ነርቭ እየጎዳ ከዳር ወደ መካከል ያጨልማል፤ ብዙ ጊዜም ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ ሳያውቀው ይገሠግሣል።

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከምክንያቱ 49.9 በመቶው የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው የትራኮማ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው ግላኮማ፣ 4.8 በመቶው ደግሞ የማኩላ መድከም ነው። ነጋዴ ሒሳብ ዐዋቂ ነውና ያስላው። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ሰዎች መካከል ዐሥሩ በሞራ ነው፤ ሞራን ደግሞ የሚያነሣው የሐኪም ቢላዋ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚነገርለት እንክብል አንዳች ረብ ሊኖረው የሚችለው ከሃያው አንዱን ያህል በሚይዘው በማኩላ መድከም ነው። በሱቅ የሚሸጥላቸው ግን ለሃያዎቹም ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው በግላኮማ የተያዘው ነው፤ በሞራ የተያዘ ሰው ቢዘገይም በቀዶ ሕክምና ማየት ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስምና፣ ብልቃጥ እስኪያልቅ እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው የሚጠብቀው ጨለማን ነው።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር በጠቅላላ ስሙ ካሮቲኖይድ ይባላል። ይህም ዕፅዋት የሚሠሩት ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም ነው፤ ካሮትንና በርበሬን መልካቸውን የሰጣቸው፣ በጎመን ውስጥም ከአረንጓዴው ሥር ተሸሽጎ የሚገኘው እርሱ ነው። የሰው ገላ ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ ያገኘዋል። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ቤታ ካሮቲን የሚባለው በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ነው። ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉት ሁለቱ ግን ወደ ቫይታሚን አይለወጡም፤ ሄደው በማኩላ ላይ ይከማቻሉ። ያችን ነጥብ ቢጫ ያደረጓት እነርሱ ናቸው፤ በዚያም ተቀምጠው ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራሉ።

ካሮት ዓይን ያበራል የሚለው ወሬ ከቤታ ካሮቲን የመጣ ነው፤ ዳፍንት ላለበት ሰው እውነትነት አለው፤ ጠግቦ ለሚበላ ሰው ግን የሚጨምርለት ነገር የለም። ይህን ወሬ በዓለም ካስፋፉት አንዱ የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሌሊት አብራሪዎቹ የጠላትን አውሮፕላን በጨለማ የሚመቱት ካሮት ስለሚበሉ ነው እያለ አስወራ፤ እውነቱ ግን አብራሪዎቹ ራዳር ነበራቸው፤ በአገሩም ካሮት ተትረፍርፎ የሚበላው ጠፍቶ ነበር። ታሪኩ ቢያስቅም፣ ወሬ ከዕቃው ቀድሞ ገበያ እንደሚደርስ ለንግድ ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው።

ይህ ሲባል እንክብሉ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ማለት ሁለተኛ ስሕተት ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ባካሄደውና አሬድስ በተባለው ሰፊ ሙከራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በታወቀው ውጤት፣ 500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ 15 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን፣ 80 ሚሊ ግራም ዚንክና 2 ሚሊ ግራም መዳብ በየቀኑ የወሰዱ ሕመምተኞች ጥቅም አግኝተዋል። ጥቅሙም፣ የማኩላ መድከም መካከለኛ ደረጃ ለደረሰባቸው ወይም በአንድ ዓይናቸው ለጸናባቸው ሰዎች፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገሩ ዕድል በ25 በመቶ ያህል መቀነሱ ነው። ቀነሰ ተባለ እንጂ ፈወሰ አልተባለም፤ የጠፋውንም ብርሃን አልመለሰም። ሕመሙ ላልያዘው ወይም ገና በጅማሬ ላይ ላለው ሰው የታየ ጥቅም የለም። በሞራ ላይም ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

ይኸው ተቋም ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 85 ዓመት የሆኑ 4,203 ሰዎች የተካፈሉበትን ሁለተኛውን ሙከራ ሲያደርግ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በወጣው ውጤት መሠረት ከቀመሩ ውስጥ ቤታ ካሮቲን ወጥቶ በምትኩ 10 ሚሊ ግራም ሉቲንና 2 ሚሊ ግራም ዚያዛንቲን እንዲገባ ሆነ። ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የሚያዝዙት ይህንን ሁለተኛውን ቀመር ነው። ቤታ ካሮቲን የወጣበት ምክንያት ግን ለሐረር ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለበት ስለሆነ በዝርዝር መነገር አለበት።

በፊንላንድ አገር 29,133 አጫሾች ወንዶች የተካፈሉበት ሙከራ ተደርጎ ነበር። የታሰበው ቤታ ካሮቲን በየቀኑ ቢሰጣቸው የሳንባ ነቀርሳ ይቀንስላቸዋል ተብሎ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ውጤቱ ሲታወቅ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ፤ 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት የሳንባ ነቀርሳቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በለጠ። በአሜሪካም 18,314 ሰዎች የነበሩበት ሌላ ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ በአንድነት በወሰዱት ላይ ነቀርሳው በ28 በመቶ በልጦ ስለ ታየ፣ በ1996 ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። በሁለተኛው የዓይን ሙከራ ደግሞ የሚያጨሱት ቤታ ካሮቲን እንዳይሰጣቸው አስቀድሞ ተከልክሎ ሳለ፣ ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት 2 በመቶው፣ ካልወሰዱት 0.9 በመቶው የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው፤ ከታመሙትም 91 በመቶው ቀድሞ አጭሰው የተዉ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል የተባለውም ሰው ከአደጋው አልተረፈም ማለት ነው።

ካሮትና ዱባ ከሚበላ ሰው ይህ ጉዳት አልታየም፤ ጉዳቱ የታየው ቀለሙ ተጨምቆ በብዛት በእንክብል ሲሰጥ ነው። አንባቢ ይህን ሰምቶ ካሮት ከገበያ እንዳያባርር።

በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አያጨስም። ሆኖም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ጫትና ሲጋራ ምን ያህል ተያይዘው እንደሚሄዱ ለሐረር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የዓይን እንክብል የሚጠይቁት ደግሞ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ብዙዎቹም ለዓመታት ከበርጫው ጋር ሲያጨሱ ኖረው አሁን የተዉ ወይም ያልተዉ ሰዎች ናቸው። በአሮጌው ቀመር የተሠራ ብልቃጥ ዛሬም በገበያ አልጠፋም፤ ከሌላ አገር ገበያ ተርፎ ዋጋው የወረደው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ ነጋዴ ያውቃል። ከዚህም በቀር ማኩላን ከሚጎዱ ነገሮች መካከል ሰው ሊተወው የሚችለው ዋነኛው ሲጋራ መሆኑ የታወቀ ነው። በላይኛው መደርደሪያ የዓይን እንክብል፣ በታችኛው ሲጋራ ደርድሮ ለአንድ ሰው ሁለቱንም የሚሸጥ ባለሱቅ፣ በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራ እጁ ይወስዳል።

አንዳንድ ነጋዴ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ገዢው ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት» ይላል። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። ሐኪም አለመሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን «ሦስት ብልቃጥ ከጨረሱ» ብሎ ባዘዘባት ደቂቃ ሐኪም ሆኗል። ደግሞም ሽማግሌው ወደዚያ ሱቅ የሄዱበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። ሠላሳ ዓመት ስኳርና ዘይት ሲገዙበት ሚዛን አጉድሎባቸው አያውቅም፤ ገንዘብ ባነሳቸው ጊዜ በዱቤ ይሰጣቸው ነበር፤ ስለዚህ ስለ ዓይናቸውም ቢጠይቁት እውነቱን የሚነግራቸው መሰላቸው። በሚዛን የተገኘ አመኔታ በማያውቁት ነገር ላይ ሲወጣ፣ ያንን ኪሳራ መዝገብ ያዥ አይመዘግበውም እንጂ ኪሳራነቱ የታወቀ ነው።

ሌላው ደግሞ «እኛ ባንሸጥ ከቶሮንቶ መላኩ አይቀርም» ይላል። መላኩስ አይቀርም። ነገር ግን የተላከለት ሽማግሌ የባዕዱን ቋንቋ ስለማያነብ ብልቃጡን ይዞ የሚመጣው ወደዚያው ወደ ሱቅ ነው። በዛሬ ጊዜ በሐረር ሱቅ ውስጥ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ልጅ አይጠፋም። ያ ልጅ ከብልቃጡ ጀርባ አራት ነገር ቢያነብ ብዙ ሰው ይጠቅማል፤ ቤታ ካሮቲን አለበት ወይስ የለበትም፣ ሉቲኑ 10፣ ዚያዛንቲኑ 2 ሚሊ ግራም ይሆናል ወይ፣ ዚንኩ ስንት ነው፣ ጊዜውስ አልፏል ወይ። ስሙና ሥዕሉ አያታልለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአሜሪካ በብዛት የሚሸጡ 11 የዓይን ቫይታሚኖች ተመርምረው፣ በሙከራው የተረጋገጠውን መጠን አሟልተው የተገኙት 4 ብቻ ናቸው። ይህ የሆነው ቁጥጥርና ጠበቃ በበዛበት አገር ነው። ከዚያ ተገዝቶ፣ በመርከብ ከርሞ፣ በቆላው ሙቀት በጭነት መኪና ሸራ ሥር ቀናት አሳልፎ ለመጣው ብልቃጥ ማን ይመሰክርለታል? እነዚህ ቀለሞች በብርሃንና በሙቀት የሚበላሹ ናቸውና፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቴምር የሆነ እንክብል ያገኘ ባለሱቅ ምክንያቱን አይፈልግ።

አስመጪዎችን በሚመለከት ትክክለኛው መንገድ ጠባብ ነው እንጂ የለም አይባልም። በሐረርም ሆነ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታይቶ የማኩላ መድከም መካከለኛ ደረጃ እንደ ደረሰበት የተነገረው ሰው፣ በሁለተኛው ቀመር የተሠራውን እንክብል ሊያገኝ ይገባዋል፤ ለእርሱ ዕቃው ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚያስፈልገው ብልቃጥም ጥቂት ነው፤ ቦታውም መድኃኒት ቤት ነው። ከብዙ አስመጪዎች አንድ ወይም ሁለት በደንበኛው ምዝገባ አስመጥተው፣ በሐኪም ወረቀት ብቻ እንዲሸጥ ቢስማሙ፣ የሚፈልገው ያገኛል፤ የማይፈልገውም ገንዘቡ ይተርፈዋል።

የውጭ ምንዛሪም ነገር ሊረሳ አይገባም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደ ከበደ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ይህ ዶላር ለዓይን ይዋል ከተባለ ከእንክብል የተሻለ ዕቃ አለ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲነሣ በቦታው ትንሽ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። በቀድሞ ጊዜ ይህ ሌንስ ድኻ የማይደርስበት ውድ ዕቃ ነበር፤ በሕንድ አገር በማዱራይ ከተማ ኦሮላብ የተባለ ድርጅት በ1992 ተቋቁሞ ማምረት ከጀመረ በኋላ ግን ዋጋው ወርዶ ወርዶ ዐሥር ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነ። እንግዲህ ያስመጪ ሰው አእምሮ ይፍረድ፤ ጥቂት ዶላር የሚያወጣው አንድ ሌንስ ለአንድ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል፤ እንክብሉ ግን በየወሩ ያልቃል። በሐረር አጠገብ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋለኛው ዘመን በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሳምንት ሞራቸው የሚነሣበት ዘመቻ ሲደረግበት ታይቷል። እየተመሩ ገብተው ብቻቸውን የወጡትን ያየ ሰው ስለ እንክብል ብዙ አይጠይቅም።

የጓሮ አትክልት የሚነግዱ ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ በምግባቸው ካሮቲኖይድ በብዛት የሚያገኙ ሰዎች ጥቂት ከሚያገኙት ይልቅ ከባዱ የማኩላ መድከም በ43 በመቶ ያነሰባቸው መሆኑን አሳይቷል፤ ከምግቦቹም ጎልተው የተጠቀሱት ስፒናችና ኮላርድ የሚባለው የጎመን ዓይነት ናቸው። ይህ የሰዎችን አመጋገብ በመመልከት የተገኘ እንጂ እንደ ሌሎቹ በሙከራ የተረጋገጠ አይደለም፤ ሆኖም ጎመን በበሉት ሰው ላይ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የገጠር ሴቶች በየጧቱ በጀጎል በሮች ዘርግተው የሚሸጡት ጎመን፣ በዘይት ወይም በቅቤ ሲሠራ ቀለሙ በሰውነት ይበልጥ ይዋሐዳል፤ የእንቁላል አስኳልም ሉቲን አለው። በውድ ብልቃጥ ታሽጎ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ቀለም ከበር ላይ በሳንቲም ማግኘት መቻሉን ገዢው ቢያውቅ አይጠላም።

በነገራችን ላይ፣ በብልቃጥ ውስጥ የሚገባው ሉቲን የሚጨመቀው ከአበባ ነው። ሜሪጎልድ የሚባለው ብርቱካናማ አበባ በሕንድና በቻይና በሰፊ እርሻ ይዘራል፤ ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ ቀለሙ ይወጣል፤ ከዚያም ገሚሱ ለእንክብል፣ ብዙው ደግሞ አስኳሉ ደማቅ ቢጫ እንዲሆን ለዶሮ መኖ ይውላል። አበባ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ የምትልክ፣ በርበሬዋም በቅላቱ የታወቀ አገር፣ ከእነዚህ ቀለሞች የሚገኘውን ገበያ ላኪዎቿ አጥንተው ቢያቀርቡ የሚያስነቅፍ አይሆንም። የሚበላሸው ጽጌረዳ በሰዓታት ካልተሸጠ ይጣላል፤ የደረቀ የአበባ ዱቄት ግን ቀዝቃዛ መጋዘን ካገኘ መርከብ መጠበቅ ይችላል። ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነገር ነው።

ሕጉን በሚመለከት፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብንና መድኃኒትን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ምግብ ነው ተብሎ የመጣ ዕቃ በባንኮኒ ላይ «ያድናል» ከተባለ መድኃኒት ነኝ ማለቱ ነውና፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን የሚያከራክር ነገር አይገኝም። ያልተመዘገበ ዕቃ ቢወረስ ኪሳራው የሚወድቀው በባለሱቁ ላይ ነው፤ ከጅጅጋ ወይም ከድሬዳዋ ይዞለት የመጣው ሰው ስሙም አድራሻውም በደረሰኝ ላይ አይገኝም።

የሚቀረው አስቸጋሪ ነገር አሁን በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ነው። ባለሱቁ ገንዘቡን ከፍሎበታል፤ አንሥቶ ይጣለው ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። ነገር ግን ቤታ ካሮቲን ያለበትን ብልቃጥ ለይቶ ማንሣት የግድ ነው፤ ለሚያጨስ ወይም ያጨስ ለነበረ ሰው እንዳይሰጥ በቃል ብቻ መጠንቀቅ አይበቃም፤ ባለሱቁ ምሳ ሲሄድ ተተክቶ የሚሸጠው ልጅ ገዢው ሲጋራ ያጭስ እንደ ሆነ አይጠይቅምና። ሉቲንና ዚያዛንቲን ብቻ ያለበት ዕቃ የተመዘገበ ከሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ሊዛወር ይችላል። ቤታ ካሮቲን ያለበትን ግን ባለሱቁ ለጅምላ አከፋፋዩ ይመልስ፤ አከፋፋዩም ከዋጋው ግማሹን ይሸከም። ዕቃውን መርጦ ያስገባው እርሱ ስለሆነ ከዚህ ያነሰ ድርሻ አይገባውም፤ ባለሱቁም ሳያነብ ስለ ገዛ ከዕዳው ነጻ አይሆንም። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ግን ለማን ይመለሳል? እርሱን ባለቤቱ ራሱ ይሸከመው።

ይህን የሚያስማማ የንግድ ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ አስመጪዎቹን፣ አከፋፋዮቹንና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶችን አንድ ጊዜ ቢጠራ፣ አንድም የዓይን ሐኪም እንዲገኝ ቢያደርግ፣ ጉዳዩ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው። ስብሰባው ግን ከበርጫ በፊት፣ ጧት ቢሆን ይመረጣል።